ትልቅ ቤዝ፣ ትንሽ ሣጥን

በእንግሊዝ የእጅ ሥራ ሞንታርቦ ገበያ ትርፍና ኪሳራ የሚለየው ከላይ በምትቀመጠው ሣጥን ነው

በእንግሊዝ አገር ከተሞች የሬጌና የደብ ምሽት የሚያዘጋጁ የድምፅ ቡድኖች ከሌላው የሙዚቃ ዕቃ አከራይ የሚለያቸው አንድ የቆየ ልማድ አላቸው። ብዙዎቹ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጡትን የቤዝ ሣጥኖች ከፋብሪካ አይገዙም። ኮምፔንሳቶ ቆርጠው፣ በሙጫና በብሎን አጣብቀው፣ ባለ18 ኢንች ስፒከር ገጥመው ራሳቸው ይሠሯቸዋል። አራት፣ ስምንት ወይም ከዚያ በላይ ሣጥን ሲደራረብ በቁመቱ ከሰው የሚበልጥ የቤዝ ክምር ይሆናል።

ክምሩ ቆሞ ካበቃ በኋላ ግን ባለቤቱን ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል። የዘፋኙን ድምፅ፣ ጊታሩን፣ ጥሩንባውንና ጸናጽሉን የሚያወጣው፣ በሙያው አጠራር «ቶፕ» የሚባለው የላይኛው ሣጥን ምን ዓይነት ይሁን? ትልቅ ሆኖ ቢሠራ መኪና ላይ ቦታ ይሻማል፣ ለማንሣትም ሰው ይጠይቃል። ትንሽ ሆኖ ቢሠራ ቤዙ እንዳይውጠው ያሰጋል። ለቤዙ ያወጣውን ገንዘብ ያህል እንደገና ለቶፑ ለማውጣት የሚገደድ ሰው ደግሞ ዕቃው አንድም ምሽት ሳይከራይ ካፒታሉ ያልቃል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ሂሳብ ለነጋዴ አዲስ አይደለም። ማንም ሁሉን ነገር እኔ ልሥራ ካለ ሁሉንም በውድ ይሠራል። ቶፑ ትንሽም ኃይለኛም ሊሆን የሚችለው ክምሩ በደንብ የሚሠራውን ሥራ ለክምሩ ሲተው ብቻ ነው።

ከሕንፃ ዕቃ ነጋዴ የተጀመረ ንግድ

ልማዱ የመጣው ከጃማይካ ነው። በዋና ከተማዋ በኪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ በእንግሊዝ አየር ኃይል የራዳር ቴክኒሻን የነበረው ሄድሊ ጆንስ፣ ለሕንፃ ዕቃ ነጋዴው ለቶም ዎንግ ከዚያ በፊት ያልተለመደ ኃይለኛ አምፕሊፋየር ሠራለት። ዎንግም «ቶም ዘ ግሬት ሰባስቲያን» በሚል ስም ሕዝብ ማስጨፈር ጀመረ። ባንድ ከመቅጠር ይልቅ ሸክላ ማጫወት ይረክሳልና ንግዱ በፍጥነት ተስፋፋ። ተፎካካሪ ሲበዛ ደግሞ ደንበኛ የሚሳበው በድምፅ ብዛትና በቤዝ ጥልቀት ሆነ።

ወደ እንግሊዝ ያሻገሩት ስደተኞቹ ናቸው። ዱክ ቪን በሚል ስም የሚታወቀው ጃማይካዊ እ.ኤ.አ. በ1954 ለንደን ገብቶ በማግስቱ ዓመት በላድብሮክ ግሮቭ ሠፈር የራሱን የድምፅ ሥርዓት አቋቁሟል። ይህ በእንግሊዝ የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ሥራው ከራስ ተፈሪያን እንቅስቃሴ ጋር በጥብቅ የተሳሰረ በመሆኑ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም፣ የይሁዳ አንበሳና የኢትዮጵያ ስም እስከ ዛሬ ድረስ በብዙዎቹ ሣጥኖችና ሰንደቆች ላይ ይታያል።

ቤዙን በእጅ መሥራት አዋጭ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። በአንድ የቤዝ ሣጥን ውስጥ ከፋብሪካ መምጣት ያለበት ስፒከሩ ብቻ ነው። የቀረው እንጨት፣ ሙጫና ጉልበት ነው። ጉልበቱን ባለቤቱ ራሱ ካዋለው ወጪው በጣም ይቀንሳል። ፕላኑም በቀላሉ ይገኛል። አውስትራሊያዊው ዴቪድ ማክቢን የሠራውና በነፃ የሚታደለው ሆርንሬስፕ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሣጥኑ ገና ሳይቆረጥ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ ያሳያል።

በቶፑ ላይ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል። እንጨቱ ጥቂት ነው። ወጪው የሚበዛው በስፒከሩ፣ በቀጭን ድምፅ አውጪው፣ በጥሩንባውና በመለካቱ ሥራ ላይ ነው። ጉልበት ማዋል እዚህ ላይ ብዙ አያድንም። በደንብ ማሰብ ግን ያድናል።

ከመተው የሚገኝ ትርፍ

የስፒከር ሣጥን አሠራር ወደ ሂሳብ የተለወጠው በሁለት ሰዎች ሥራ ነው። ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961 በአውስትራሊያ ያወጣው ጽሑፍና ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያሳተማቸው ጥናቶች ዛሬም የዘርፉ መሠረት ናቸው። አሜሪካዊው አንቶን ሆፍማን ያስቀመጠው ሕግ ደግሞ በሙያው «የብረት ሕግ» እየተባለ ይጠራል። ሕጉ የሚለው አጭር ነው። ትንሽ ሣጥን፣ ጥልቅ ቤዝና ከፍተኛ ብቃት ሦስቱ ባንድ ላይ አይገኙም። ሁለቱን የመረጠ ሦስተኛውን ይከፍላል።

የክፍያው መጠን ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። ብቃቱ ሳይቀንስ ሣጥኑ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ፣ ለምሳሌ ከ100 ሄርዝ ወደ 50 ሄርዝ ወርዶ እንዲጫወት ከተፈለገ ይዘቱ 8 እጥፍ ማደግ አለበት። በ25 ሊትር የሚበቃው ነገር 200 ሊትር ይሆናል ማለት ነው።

ይኸው ስሌት ወደ ኋላ ሲነበብ ለቶፕ ሠሪው የምሥራች ነው። ከሥሩ ከ40 እስከ 100 ሄርዝ የሚሸከም ክምር ያለው ሰው ቶፑ 50 ሄርዝ እንዲያወጣ የሚጠይቅበት ምክንያት የለም። ያንን ከተወ ሣጥኑ በአንድ ስምንተኛ ይበቃል፣ ብቃቱም አይነካም። ሁሉን ቻይ ተብሎ በተሠራ ትልቅ ሣጥን ላይ ቤዝ የሚከምር ሰው ግን ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ከፍሏል።

በዚህ መንገድ የታሰበ አንድ ቶፕ 36 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 56 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው ይበቃዋል። በውስጡ አንድ ባለ12 ኢንች ስፒከርና አንድ ጥሩንባ ያለው ቀጭን ድምፅ አውጪ ይይዛል። በ15 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ሲሠራ አንድ ሜትር ካሬ ያህል እንጨት ይፈጃል። ከአንድ ባለ2.44 በ1.22 ሜትር ጣውላ ሁለት ሣጥን ወጥቶ ለውስጥ ድጋፍ የሚሆን ትርፍ ይቀራል።

መሐል ላይ የሚቀረው ቀዳዳ

መተውም ልክ አለው። በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው ሁለቱ ሣጥኖች በሚገናኙበት ቦታ ነው።

በሬጌ ቡድኖች ዘንድ የሚወደደው «ስኩፕ» የሚባለው የቤዝ ሣጥን የስፒከሩን የኋላ ድምፅ በታጠፈ የእንጨት ጥሩንባ አዙሮ ከሥር ያስወጣል። ከ40 እስከ 90 ወይም 100 ሄርዝ ድረስ ብርቱ ነው። ከዚያ በላይ ድምፁ መዛባት ይጀምራል። ቶፕ ሠሪው ሣጥኑን ከልክ በላይ አሳንሶ ከ150 ሄርዝ በላይ ብቻ እንዲጫወት ካደረገው፣ ከ100 እስከ 150 ሄርዝ ያለው ድምፅ ባለቤት ያጣል። የከበሮው ምት ደረት ላይ የሚሰማው፣ የቤዝ ጊታሩም የክር ድምፅ የሚለየው በዚህ አካባቢ ነው። ክምሩ ይንቀጠቀጣል፣ ዘፈኑ ግን ሥጋ አይኖረውም።

ትልልቆቹ ቡድኖች ይህንን ቀዳዳ የሚሞሉት በመሐል ሌላ ሣጥን በመጨመር ነው። እሱ ግን ተጨማሪ አምፕሊፋየር፣ ገመድ፣ ቦታና ሸካሚ ይፈልጋል። ለአነስተኛ ቡድን የሚያዋጣው ቶፑ በእርግጥ እስከ 100 ሄርዝ እንዲወርድ አድርጎ መሥራትና ከዚያ በታች በኤሌክትሮኒክ ክሮስኦቨር መቁረጥ ነው። ከመግዛት በፊት የቤዙን የላይኛ ወሰን በማይክሮፎን መለካት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ቶፑ የሚለካው በክምሩ ነውና ልኩ ሳይታወቅ የሚገዛ ስፒከር ቁማር ነው።

ዋት መግዛት ወይስ ብቃት መግዛት?

በገበያ ላይ ሣጥን የሚጠራው በዋቱ ነው። ሻጩ 1000 ዋት ይላል፣ ገዢውም በዋቱ ይከራከራል። ነገር ግን ዋት የሚገባውን ኤሌክትሪክ እንጂ የሚወጣውን ድምፅ አይነግርም። ዋቱ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለሰው ጆሮ ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ 10 እጥፍ ገደማ ማደግ ይኖርበታል።

ስለዚህ በስፒከሩ ወረቀት ላይ ቀድሞ መታየት ያለበት በ1 ዋት በ1 ሜትር ርቀት የሚያወጣው ዴሲቤል ነው። 99 ዴሲቤል የሚያወጣ ስፒከር በ500 ዋት የሚሠራውን፣ 96 የሚያወጣው ለመሥራት 1000 ዋት ይፈልጋል። የመጀመሪያው ስፒከር ትንሽ ቢወደድም የሚያስፈልገውን የአምፕሊፋየር ኃይል በግማሽ ይቀንሳል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አራት የቤዝ ሣጥኖች፣ እያንዳንዳቸው 100 ዴሲቤል ቢያወጡና ተደራርበው ሲሠሩ ብቃታቸው ወደ 106 ቢያድግ፣ በ4000 ዋት በወረቀት ላይ 142 ዴሲቤል ይደርሳሉ። ስፒከሩ ሲግል ከሚጠፋው ላይ 3 ያህል ቢቀነስ 139 ይሆናል። ከላይ የሚቀመጡት ሁለት ቶፖች እያንዳንዳቸው 99 ቢሆኑና ባንድ ላይ 102 ቢሰጡ፣ በ1000 ዋት 132 ያወጣሉ። በመካከላቸው 7 ዴሲቤል ልዩነት አለ።

ይህ ልዩነት ላላወቀ ሰው የቶፑ ድክመት ይመስለዋል። ግን አይደለም። የሰው ጆሮ 50 ሄርዝን የሚሰማው ከ1000 ሄርዝ በእጅጉ አሳንሶ ነው፤ ሬጌና ደብ ደግሞ ቤዙ ከሌላው በላይ እንዲሆን ሆነው የሚቀረፁና የሚጫወቱ ናቸው። ቤዙ ከ7 እስከ 10 ዴሲቤል በልጦ ሲገኝ ሙዚቃው ልኩን ይዟል። ትንሹ ሣጥን ከትልቁ ክምር ጋር ሊቆም የሚችልበት ምሥጢር ይኸው ነው። ሁለቱ እኩል እንዲጮሁ የሚፈልግ የለም።

የጥሩንባው ስፋት

ሣጥኑን ከሚገባው በላይ ማሳነስ የማይቻልበት ሌላው ምክንያት ጥሩንባው ነው። ጥሩንባ ድምፅን በተወሰነ ማዕዘን ወደ ሕዝቡ ይመራል። 90 ዲግሪ እንዲመራ የተሠራ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥሩንባ ይህንን የሚችለው እስከ 900 ሄርዝ ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ድምፁ ወደ ጎንም ወደ ጣሪያም ይበተናል። ከጀርባው የሚገጠመው ባለ1.4 ኢንች አፍ ድምፅ አውጪ ከ800 እስከ 1000 ሄርዝ ድረስ ወርዶ ሊሠራ ስለሚችል ከዚህ ጥሩንባ ጋር ይስማማል። ርካሹ ባለ1 ኢንች ግን ብዙውን ጊዜ ከ1500 ሄርዝ በታች ከተጫነ ይቃጠላል፤ ክፍተቱን ባለ12 ኢንቹ እንዲሸፍን ይገደዳል፣ የዘፋኙም ድምፅ ከጎን ለቆመ ሰው ይደበዝዛል።

የመጨረሻው ማስተካከያ ጊዜ ነው። በሴኮንድ 343 ሜትር የሚጓዘው ድምፅ ሁለት ሜትር ርዝመት ባለው የታጠፈ ጥሩንባ ውስጥ ሲያልፍ 6 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ይዘገያል። ቶፑም በዚያው ልክ በኤሌክትሮኒክ መዘግየት አለበት። ካልዘገየ ሁለቱ ሣጥኖች በሚገናኙበት ቦታ አንዱ የሌላውን ድምፅ ያጠፋዋል። ይህንን የሚሠራው ዲጂታል ክሮስኦቨር ቀድሞ የትልልቅ ኩባንያዎች ዕቃ ነበር። ዋጋው ወርዶ ለአነስተኛ ቡድንም የደረሰው ከ2000ዎቹ ወዲህ ነው።

ማግኔትና ኮምፔንሳቶ

ለዚህ ገበያ ስፒከር የሚያቀርቡት አገሮች ብዙ አይደሉም። ሚዛኑ ወደ ጣሊያን ያዘነብላል። በአገራችን የመድረክ ስፒከር ሁሉ «ሞንታርቦ» የሚባለው ከአንድ የጣሊያን ድርጅት ስም የተነሣ እንደሆነ ልብ ይሏል። በፍሎረንስ አቅራቢያ የሚገኘው ቢ ኤንድ ሲ ስፒከርስ አክሲዮኑ ከ2007 ጀምሮ በሚላን ገበያ ይሸጣል። ኩባንያው በ2017 የአገሩን ተፎካካሪ ኤይቲን ሳውንድን፣ በ2023 ደግሞ የአሜሪካውን ኤሚነንስን ጠቅልሏል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1924 የተመሠረተው ሴለስቲየን እንኳ ዛሬ የሆንግ ኮንግ ባለሀብት ንብረት ነው። ሦስት የተለያየ ስም ያየ ገዢ ከሦስት ተፎካካሪዎች የመረጠ ሊመስለው ይችላል፤ ትርፉ ግን ወደ አንድ ካዝና ሊገባ ይችላል።

የትንሿ ሣጥን ዋጋ ከዓለም ገበያ ጋር የሚታሰረው በማግኔቱ ነው። በኒዮዲሚየም ማግኔት የተሠራ ባለ12 ኢንች ስፒከር በፌራይት ከተሠራው ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ግማሽ ያህል ነው። ኒዮዲሚየም ግን በአብዛኛው የሚወጣውም የሚጣራውም በቻይና ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2010 የውጭ ሽያጭ ኮታዋን ስትቀንስ ዋጋው በ2011 በብዙ እጥፍ ናረ፤ አንዳንድ የስፒከር አምራቾችም ወደ ከባዱ ፌራይት ተመለሱ። በሚያዝያ 2025 ደግሞ ቻይና በሰባት ብርቅ ማዕድናትና በተያያዥ ማግኔቶች ላይ የላኪነት ፈቃድ ጥላለች።

እንጨቱም ከፖለቲካ አልዳነም። ለስፒከር ሣጥን ተመራጭ የሆነው የበርች ኮምፔንሳቶ ዋና ምንጭ ሩሲያ ነበረች። በዩክሬን ጦርነት ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት በ2022 የሩሲያን እንጨት ማስገባት ከልክሏል። ከአንድ ጣውላ ሁለት ሣጥን የሚያወጣ ሰው ከእያንዳንዱ ሣጥን ከአንድ ጣውላ በላይ ከሚፈጀው የስኩፕ ሠሪ ይልቅ ይህን የአቅርቦት ችግር በቀላሉ የሚያልፈው ለዚህ ነው።

መኪናው ዳኛ ነው

በእንግሊዝ ሕግ ከጥር 1 ቀን 1997 ወዲህ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው በመደበኛ ፈቃዱ መንዳት የሚችለው እስነ ጭነቱ በአብዛኛው እስከ 3500 ኪሎ የሚመዝን መኪና ነው። ከዚያ በላይ ሌላ ፈተናና ሌላ ወጪ አለው። አንድ ስኩፕ ከ60 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ስምንት ሣጥን፣ አምፕሊፋየር፣ ገመድና ሦስት ሰው የጫነ ቫን ለቶፕ የሚተርፈው ክብደትና ቦታ ጥቂት ነው። በለንደን ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የጭስ ደረጃውን ያላሟላ ቫን በከተማዋ ሁሉም ቀበሌዎች በቀን 12.50 ፓውንድ ይከፍላልና ሁለት መኪና ማሰማራት ወጪው እጥፍ ይሆናል።

የሰው ጉልበትም ይቆጠራል። ቶፑ የሚቀመጠው ከክምሩ ጫፍ፣ ከሰው ራስ በላይ ነው። የአገሪቱ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መመሪያ ከትከሻ በላይ ለሚነሣ ዕቃ ለአንድ ወንድ ሠራተኛ የሚያስቀምጠው መጠን 10 ኪሎ ገደማ ነው። ባለ20 ኪሎ ሣጥን ሁለት ሰው ይበቃዋል። ባለ50 ኪሎው ተጨማሪ ሰው ወይም ማንሻ ይጠይቃል። የምሽቱ ኪራይ ሳይጨምር ደመወዝ ከጨመረ ትርፉ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ ዕቃው ሲጫን ያልቃል።

አደጋው የት ላይ ነው?

የእጅ ሥራ ሣጥን ሁሉንም ገበያ አይከፍትም። የታወቁ ዘፋኞች የሚልኩት የቴክኒክ ዝርዝር የሚቀበሉትን ፋብሪካ በስም ይጠራል፤ ስም የሌለው ሣጥን የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን በዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። ባለቤቱ ሊሸጠው ቢፈልግም ገዢው የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ የስፒከሮቹን ዋጋ እንጂ የድካሙን አይደለም። በሬጌና በደብ ምሽት ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። እዚያ በእጅ የተሠራው ክምር ራሱ ማስታወቂያ ነው፤ ሕዝቡ የሚመጣው እሱን ሊሰማ ነው። ኢንቨስት የሚያደርግ ሰው ከሁለቱ ገበያዎች በየትኛው እንደሚኖር ጣውላ ከመቁረጡ በፊት መወሰን አለበት።

ጩኸትም ወሰን ተበጅቶለታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ደረጃ በመዝናኛ ቦታ ለአድማጭ የሚደርሰው ድምፅ በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። በእንግሊዝ የ2005 የሥራ ቦታ ድምፅ ደንብም ከሚያዝያ 2008 ጀምሮ የሙዚቃ ቤቶችን ሠራተኞች ይጠብቃል። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በምሳሌአችን ያሉት ሁለት ቶፖች በወረቀት ያላቸው 132 ዴሲቤል ሜዳ ላይ በ16 ሜትር ርቀት 108 ሆኖ ይደርሳል። ይህ ለከፍተኛው ምት የሚበቃ ሲሆን፣ አማካዩን ከ100 በታች ለመያዝም ይመቻል። ከዚህ የሚበልጥ ቶፕ መግዛት በሕግና በጤና ምክንያት የማይሸጥ ዕቃ መጋዘን ውስጥ እንደማስቀመጥ ነው።

ለአስመጪው የሚተርፈው

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ሲተመን ከብዷል። ተገጣጥሞ የሚመጣ ሞንታርቦ ውስጡ አብዛኛው አየር ነው፤ የመርከብ ጭነት የሚከፈለው ግን ለአየሩም ጭምር ነው። ስፒከሩን፣ ድምፅ አውጪውንና ጥሩንባውን ለብቻ አምጥቶ ሣጥኑን እዚህ ማሠራት ለሚያስብ አከራይ የእንግሊዞቹ ልምድ የሚሰጠው ምክር ቅደም ተከተሉን የሚመለከት ነው። መጀመሪያ ያለው ቤዝ ይለካ። ቀጥሎ ቶፑ የሚጀምርበት ሄርዝ ይወሰን። ስፒከሩ በዋቱ ሳይሆን በብቃቱ ይመረጥ። የሣጥኑ ስፋት በጥሩንባው፣ ክብደቱ በመኪናውና በሸካሚው ይወሰን። ዋጋ ክርክር የሚጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ይህንን ቅደም ተከተል የያዘ ሰው ሁለት ቀላል ቶፕ በአራት የቤዝ ሣጥን ላይ አስቀምጦ በአንድ መኪና ሄዶ በአንድ መኪና ይመለሳል። የገለበጠው ደግሞ ለማይጠቀምበት ቤዝ ሁለት ጊዜ ከፍሎ፣ ሁለተኛ መኪና ተከራይቶ፣ ዘፋኙ አልተሰማም የሚል ደንበኛ ይጠብቀዋል።